ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም፦ ፖምፓውን ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄው፦ «የምጽፈው ከጅማ ነው፣ አጂፕ አካባቢ። የ2008 (እ.ኤ.አ.) ሃይሉክስ ፒክአፕ አለኝ፤ ባለ 2.5 ሊትር ዲ-4ዲ፣ ማንዋል። ከአጋሮ ቡና ጭኜ ስመለስ ማደያው ላይ ሰልፍ ስለነበር መንገድ ላይ 20 ሊትር ናፍጣ ከጄሪካን ገዝቼ ሞላሁ። ቤት ደረሰ፣ ሁለት ሌሊት ዝናብ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ሞተሪኖው ጥሩ አድርጎ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አልነሳ አለ። አንድ መካኒክ ካንዴላ ነው ብሎ አራቱንም ቀየርን፤ ምንም ለውጥ የለም። ሌላው ቤንዚን የነካ ጨርቅ አየር ማስገቢያው ላይ ሲይዝ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ ተነስቶ ጠፋ። ‹በቃ ፖምፓው ሞቷል፣ አዲስ አበባ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ እናስመጣ› አለኝ። ገፍተን እናስነሳው የሚሉም አሉ። ፖምፓውን ልግዛ?»

አይግዙ። ቢያንስ አሁን አይግዙ። በጻፉልኝ ነገር ውስጥ ፖምፓው (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚገፋው) መሞቱን የሚያሳይ አንድም ማስረጃ የለም። ሁለት ጥሩ ፍንጮች ግን አሉ። አንዱ የጄሪካኑ ናፍጣ ነው። ሌላው ያ የቤንዚን ጨርቅ ነው፤ ማንም እንዲደግመው ባልመክርም፣ አንዴ ስለተደረገ የነገረንን እንስማው። ሁለቱም የሚጠቁሙት ከፖምፓው በፊት ወዳለው ርካሽ ቦታ ነው።

በመጀመሪያ የካንዴላውን ጉዳይ እንዝጋ። ቤንዚን መኪና ላይ ካንዴላ እሳት ይሰጣል፤ ካንዴላ ከሌለ ሞተር የለም። ናፍጣ ሞተር ውስጥ እሳት የሚሰጥ ነገር የለም። ፒስተኑ አየሩን ከ16 እስከ 22 እጥፍ ያምቀዋል። አየሩ በመታመቁ ብቻ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል። ኢንጀክተሩ ናፍጣ ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። በናፍጣ መኪና ካንዴላ የምንለው ማሞቂያ ነው፤ ሥራው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ማገዝ ነው። የእርስዎ ሞተር ናፍጣውን በቀጥታ ፒስተኑ አናት ላይ ስለሚረጭ ብዙ ማገዣ አይፈልግም። የጅማ ጠዋት ቢበርድም እንዲህ ያለውን ሞተር ጨርሶ እንዳይነሳ የሚያደርግ ብርድ አይደለም። የሞተ ካንዴላ እዚህ አገር ሞተሩን ያንገራግረዋል፣ ነጭ ጭስ ያስተፋዋል፣ ትንሽ ያስለፋዎታል። ቀኑን ሙሉ አልነሳም የሚያሰኘው ግን እሱ አይደለም። ደግሞ በቴስተር ሳይለኩ አራቱንም መፍታት አደጋ አለው፤ ያረጀ ካንዴላ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ይሰበርና ሌላ ጣጣ ያመጣል። የእርስዎ ሳይሰበር ወጥቷል፣ ተመስገን ነው።

አሁን ወደ ጨርቁ። ሞተሩ በቤንዚን ትነት ለጥቂት ሰከንድ ከሠራ፣ አየር ያስገባል፣ ያምቃል፣ ያስወጣል ማለት ነው። ቺንጊያው (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር እኩል የሚያስኬደው ባለ ጥርስ ቀበቶ) አልተበጠሰም። ኮምፕሬሽኑም ቢያንስ ለመነሳት ይበቃል። ጭስ ማውጫውም አልተደፈነም። የጎደለው ነገር ናፍጣ ነው። ወይ ወደ ኢንጀክተሩ አልደረሰም፣ ወይ ኢንጀክተሩ እንዲከፍት አልታዘዘም። መካኒክዎ «ናፍጣ አይመጣም» ቢል ትክክል ነበር። ከዚያ ተነስቶ «ስለዚህ ፖምፓ» ማለቱ ላይ ነው የዘለለው። ከሰልባትዮው (ከናፍጣ ታንከሩ) እስከ ኢንጀክተሩ ጫፍ ድረስ ናፍጣው የሚያልፍባቸው ብዙ ቦታዎች አሉ። ፖምፓው ከእነሱ አንዱ ብቻ ነው፤ ከሁሉም ውዱ ደግሞ እሱ ነው።

ጨርቁን ግን ዳግም እንዳያስነኩት። ቤንዚንም ሆነ በቆርቆሮ የሚሸጠው ማስነሻ ስፕሬይ ናፍጣ ሞተር ውስጥ ሲገባ መቼ እንደሚቀጣጠል ማንም አያዘውም። ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ይፈነዳል። የፒስተን ጠርዝ ይሰበራል፣ ቢየላ (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ይጣመማል። ካንዴላው ግሎ ሳለ ከሆነ ደግሞ እሳቱ በአየር ማስገቢያው ወደ ውጭ ይወጣል፤ እዚያ ያለው የሰው እጅና ፊት ነው። «ሁሌም እንዲህ ነው የምናደርገው» የሚል መካኒክ ካጋጠመዎት መኪናዎን ይዘው ይሂዱ።

«ጥሩ አድርጎ ይዞራል» ብለዋል። እሱን በጆሮ ብቻ አንመን። ናፍጣ ሞተር በዝግታ ከዞረ አየሩ የሚገባውን ያህል አይግልም፤ ሙቀቱ በሲሊንደሩ ግድግዳ በኩል ይባክናል። እንደ እርስዎ ያለ የኮመን ሬይል መኪና (ናፍጣው ሬይል በሚባል አንድ የጋራ ቧንቧ ውስጥ በግፊት ተጠራቅሞ ለኢንጀክተሮቹ የሚከፋፈልበት) ሲሆን ደግሞ ዝግታው ሁለተኛ ጉዳት አለው፤ የሬይሉ ግፊት አይሞላም፣ ቮልቴጁ ሲወርድ ኮምፒውተሩም ይደነግጣል። ቴስተር ይያዙ። ያረፈ ጤነኛ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ከወረደ ባትሪው፣ የባትሪው ራስ ላይ ያለው ዝገት ወይም ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደው የመሬት ገመድ ነው። እስካሁን ስንት ጊዜ እንደሞከራችሁት አላውቅም፤ ባትሪው ግን ተዳክሟል ብዬ እገምታለሁ። ቻርጅ አድርጉት፣ ከዚያ ወደ ሥራ። አንዴ ሲሞክሩ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይበቃል። ከዚያ ሞተሪኖው ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ይረፍ፤ እሱን አቃጥለው ሁለት ችግር እንዳያደርጉት።

ቀጥሎ ምንም ብር የማይጠይቅ ምርመራ አለ። አንድ ሰው ማርሚታው ጫፍ ላይ ይቁም፣ ሌላው ቁልፉን ያዙር። ምንም ጭስ ካልወጣ ሲሊንደር ውስጥ ናፍጣ አልገባም። ነጭ ወይም ግራጫ ሆኖ ያልተቃጠለ ናፍጣ የሚሸት ጭስ ከወጣ፣ ናፍጣው ገብቷል ግን አልተቃጠለም፤ ያኔ ኮምፕሬሽን፣ ካንዴላ፣ አየር የተቀላቀለበት ናፍጣ ወይም ውሃ እንጠረጥራለን። ጥቁር ጭስ ከሆነ ናፍጣው በዝቶ አየር አንሷል ማለት ነው። በእርስዎ መኪና ጭስ እንደማይወጣ እገምታለሁ። ነጭ ጭስ ካዩ ግን ከታች የምለው ቅደም ተከተል ትንሽ ይቀየራል፤ ውሃውና ኢንጀክተሮቹ ወደ ፊት ይመጣሉ።

አሁን ዋናው ተጠርጣሪ ላይ ደረስን፦ የጄሪካኑ ናፍጣ። ናፍጣ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር የማይገዛ ሾፌር ጥቂት ነው፤ አልፈርድብዎትም። ግን ያ ጄሪካን ከዚያ በፊት ምን እንደያዘ፣ ክዳኑ ዝናብ ላይ ክፍት እንደነበር ወይም እንዳልነበር ማን ያውቃል? ላምባ የሚደባልቅም አለ። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ሰልባትዮው ሥር ይቀመጣል። መኪናው እየሄደ ሳለ ሁሉም ስለሚናጥ ላይታይ ይችላል። ሁለት ሌሊት ሲቆም ግን ውሃው ወደ ታች ይጠልላል፤ የመምጠጫው ቱቦ ጫፍ ደግሞ እዚያው ታች ነው ያለው። ጠዋት ቁልፍ ሲያዞሩ መጀመሪያ የሚመጠጠው ውሃው ይሆናል። ታሪክዎ ከዚህ ጋር በደንብ ይገጥማል። ከዝናቡ ጋር የተያያዘው ምናልባት በዚህ በኩል ነው እንጂ ሞተሩ ስለረጠበ አይደለም።

ማረጋገጡ ቀላል ነው። ናፍጣ ፊልትሮው ሥር የውሃ ማውጫ ብሎን አለ። ንጹህ፣ ግልጽ የውሃ ፕላስቲክ ከሥሩ ይያዙ፣ ብሎኑን ያላሉ፣ አናቱ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እየተጫኑ ግማሽ ሊትር ያህል ያውጡ። ፕላስቲኩን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ለ20 ደቂቃ ያስቀምጡት። ውሃ ካለ ከሥር ለብቻው መስመር ሠርቶ ይታያል። ናፍጣው ደፈርሶ ወተት ከመሰለም ውሃ ተቀላቅሎበታል። ቤንዚን ወይም ላምባ ቢሸትዎት እሱም መልስ ነው። ጥቁር ዝቃጭ ወይም የዝገት ብናኝ ካለ ፊልትሮው ሥራውን ጨርሷል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ውሃ ካገኙ ፊልትሮውን ብቻ ቀይሮ ማለፍ አይሠራም። ሰልባትዮው ሙሉ በሙሉ መራገፍና መታጠብ አለበት። አለዚያ አዲሱ ፊልትሮ በማግስቱ ያው ይሆናል። የፖምፓውና የኢንጀክተሩ ውስጥ የሚለሰልሰው በናፍጣው ራሱ ስለሆነ፣ ውሃም ላምባም ብረቱን እርስ በርስ ያፋጨዋል። ዛሬ ያልሞተውን ፖምፓ ከወር በኋላ የሚገድለው ይኼ ነው።

ውሃ ባይገኝስ? ቀጣዩ አየር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጎበዝ መካኒክ ሲሳሳት አያለሁ። «ፈትሻለሁ፣ የትም አያፈስም» ይላል። በዚህ ዓይነት መኪና ሰልባትዮው ውስጥ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የለም። ከሰልባትዮው እስከ ፖምፓው ያለው መስመር በሙሉ በመምጠጥ ነው የሚሠራው። ቀዳዳ ባለው ስትሮ ለስላሳ ለመጠጣት ሞክረው ከሆነ ነገሩ ይገባዎታል፤ ለስላሳው አይፈስም፣ አየር ብቻ ነው የሚገባው። ስለዚህ ደረቅ መሆኑ ንጹህ ነው አያሰኝም። የሚጠረጠሩት የፊልትሮው አናት ጎማ፣ የተሰነጠቀው የእጅ ፓምፕ፣ የደረቁ ቱቦዎችና የላሉ ማሰሪያዎች ናቸው። ፊልትሮ በቅርብ ከተቀየረ አሮጌው የጎማ ቀለበት ላይ አዲሱ ተደርቦ እንደሆነ ይዩ፤ ይኼ ሞኝ የሚመስል ነገር ስንቱን መኪና አስቁሟል። የእጅ ፓምፑን ደጋግመው ይጫኑት። እየጠነከረ መጥቶ እምቢ ማለት አለበት። ቢጫኑት ቢጫኑት ልፍስፍስ እንዳለ ከቀረ፣ ወይ አየር እየገባ ነው፣ ወይ ሰልባትዮው ውስጥ መምጠጫው ተደፍኗል። የጄሪካን የላስቲክ ቁራጭ እዚያ ተወትፎ ማግኘት ብርቅ አይደለም። የሰልባትዮውን ክዳንም ከፍተው ይሞክሩ። ሲከፍቱ አየር ወደ ውስጥ «ፉት» ካለ መተንፈሻው ተዘግቷል።

ሁሉንም ቱቦ አንድ በአንድ ከመፈተሽ የሚያድን አንድ ዘዴ አለ፤ ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው። ከሰልባትዮው ወደ ፊልትሮው የሚመጣውን ቱቦ ፊልትሮው ጋ ይፍቱ። በእሱ ቦታ አዲስ ግልጽ ቱቦ ይግጠሙ፣ ሌላውን ጫፍ ከማደያ በተቀዳ ንጹህ ናፍጣ የተሞላ ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ውስጥ ይክተቱ። ጄሪካኑ ከፊልትሮው ቁመት ጋር እኩል ይቀመጥ። አዲስ ፊልትሮ ይግባ፤ ያለ ፊልትሮ በቀጥታ ወደ ፖምፓው በፍጹም አይሆንም። ፊልትሮውን ቀድሞ ናፍጣ ከላይ መሙላትም ይቅር፤ በእጅ ፓምፑ ይሙሉት፣ ያኔ የሚያልፈው ናፍጣ ተጣርቶ ነው። ከዚያ ያስነሱ። ከተነሳና ከቆየ ፖምፓዎ ጤነኛ ነው፣ ኢንጀክተሮችዎም ይሠራሉ፤ ችግሩ ከፊልትሮው ወደ ኋላ ነው። ግልጹ ቱቦ ውስጥ ያልተቋረጠ አረፋ ከታየ ደግሞ አየር የሚገባበት ቦታ ቅርብ ነው። የመመለሻው መስመር ወደ ሰልባትዮው ስለሚሄድ ጄሪካኑ ከጠበቁት ቀድሞ ያልቃል፤ ዓይንዎን አይንቀሉ።

አየር ስለማውጣት አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በድሮዎቹ ሞተሮች የኢንጀክተሩን ቧንቧ ነት ትንሽ አላልቶ ሞተሪኖውን እያዞሩ አየር ማስወጣት የተለመደ ነው፣ ይሠራልም። በዲ-4ዲም ሆነ በማንኛውም ኮመን ሬይል መኪና ላይ ይኼን አያድርጉ። ሞተሩ ሲሠራ እዚያ ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ይወጣል። የሚወጣው ክር የመሰለ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ያህል ይመስላል፣ ብዙም አያምም፤ በሰዓታት ውስጥ ግን ጣት ሊያስቆርጥ ይችላል። እንዲህ የሆነ ሰው በፋሻ አስሮ ቤቱ አይግባ፣ ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ፣ ናፍጣ በግፊት እንደገባበትም በግልጽ ይናገር። በእነዚህ መኪኖች አየር የሚወጣው በእጅ ፓምፑ ብቻ ነው። የቀረውን ሲስተሙ ራሱ ይጨርሰዋል።

የናፍጣ መስመሩ ንጹህ ሆኖ አሁንም ካልተነሳ ወደ ኤሌክትሪኩ እንዞራለን። ቁልፍ ሲከፍቱ ዳሽቦርዱን ይመልከቱ። የቼክ ኢንጂን መብራት መብራት አለበት። ጨርሶ ካልበራ ኮምፒውተሩ ኃይል አላገኘም፤ ፊውዝና ሪሌ ይታዩ። የቁልፍ ወይም የመኪና ምልክት ያለው የሌባ መከላከያ መብራት ሞተሪኖው ሲዞር እያበራ ካስቸገረ፣ ኮምፒውተሩ ቁልፍዎን አላወቀውም፤ በሌላኛው ቁልፍ ይሞክሩ። ሞተሪኖው እየዞረ የዙር ቆጣሪው መርፌ ትንሽ ከፍ ይላል ወይስ ዜሮ ላይ ተጣብቆ ይቀራል? ከተጣበቀ የክራንክ ሴንሰሩን እንጠረጥራለን። ያ ሴንሰር ካልሠራ ኮምፒውተሩ ሞተሩ መዞሩን ስለማያውቅ ኢንጀክተር አይከፍትም። ኮፈኑን ከፍተው ሽቦዎቹንም ይዩ። ቡናና እህል የሚቀመጥበት ግቢ አይጥ አያጣም፤ የቆመ ሞተር ሙቀት ደግሞ ይስባታል። የተላጠ ሽቦ ወይም ውሃ የገባበት ማገናኛ ካገኙ ያ ሁለት ሌሊት ዝናብ እዚህ ላይ ትርጉም ይኖረዋል።

ከዚህ በኋላ ነው ስካነር፣ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው መሣሪያ፣ የሚያስፈልገው። ጅማ ላይ ስካነር ያለው ባለሙያ ፈልጉ። ስልክ ላይ የሚሠራው ትንሹ ኦቢዲ ስካነርም ቢሆን ከግምት ይሻላል። ግን «ኮድ አውጥቶ አጥፍቶ» የሚሄድ ሰው አይጠቅምዎትም። ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ሦስት ቁጥር ያንብብልዎት፦ የሞተሩ ዙር፣ የባትሪው ቮልት፣ የሬይሉ ግፊት። አብዛኞቹ ኮመን ሬይል ሞተሮች ግፊቱ ከ200 እስከ 300 ባር ካልደረሰ ኢንጀክተር አይከፍቱም። ግፊቱ በቂ ሆኖ ሞተሩ ካልተነሳ፣ ፖምፓው ነጻ ወጣ፤ ነገሩ ከሴንሰር፣ ከሽቦ ወይም ከኢንጀክተር ጋር ነው። ኮዱ ፒ0087 ከሆነ «የሬይል ግፊት ዝቅተኛ ነው» ማለት ነው። ስለ ፖምፓ አንድም ቃል አልተናገረም። የተደፈነ ፊልትሮም፣ አየርም፣ የሚያፈስ ኢንጀክተርም ይኼንኑ ኮድ ያመጣሉ። ፒ0335 ከሆነ የክራንክ ሴንሰሩ መስመር ነው፤ እዚያም ቢሆን ሴንሰሩን ከመግዛት በፊት ሽቦው ይታይ።

ግፊቱ አልሞላም እንበል፣ ንጹህ ናፍጣም እየደረሰው ነው እንበል። አሁንም ፖምፓው ቀጥሎ አይደለም። ፖምፓው ላይ የተገጠመ፣ ወደ ውስጥ የሚገባውን ናፍጣ የሚመጥን ትንሽ ቫልቭ አለ፤ ኤስ ሲ ቪ ይሉታል። በእነዚህ ቶዮታዎች ላይ ይኼ ቫልቭ የታወቀ ደካማ ቦታ ነው። ለብቻው ይሸጣል፣ ዋጋውም ከፖምፓው ጋር አይወዳደርም። መኪናው ከዚህ በፊት ቆሞ ሳለ ዙሩ ከፍ ዝቅ ይል ከነበረ ወይም እየሄደ በድንገት ይጠፋ ከነበረ እሱን አስቀድሙ። ከእሱ ቀጥሎ ኢንጀክተሮቹ ናቸው። ያረጀ ኢንጀክተር ናፍጣውን ከሚረጨው ይልቅ ወደ መመለሻው ያፈሰዋል፤ ፖምፓው ቢሞላ እሱ ያጎድላል። የእያንዳንዱ መመለሻ ስንት እንደሚያፈስ ለየብቻ ይለካል። በአንዳንድ ሞተር ቱቦው ውጭ ስለሆነ ቀላል ነው፤ በሌላው ክዳን መክፈት ይጠይቃል፣ ስለዚህ ኢንጀክሽን የሚያውቅ ሰው ይሥራው። እግረ መንገድዎን የዘይት መለኪያውን ያውጡ። ዘይቱ ከልኩ በላይ ከፍ ብሎ ናፍጣ ከሸተተ ውስጥ ለውስጥ እያፈሰሰ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ቢነሳም አይንዱት።

ፖምፓው በእርግጥ የሞተ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? አሮጌውን ፊልትሮ ወይም የኤስ ሲ ቪውን ቦታ ሲከፍቱ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካዩ መጥፎ ምልክት ነው። ወይም ደግሞ ናፍጣው ንጹህ፣ አየር የሌለው፣ ቫልቩ የተረጋገጠ፣ የኢንጀክተሩ መመለሻ ልክ ሆኖ ግፊቱ ግን እምቢ ካለ። ያኔም ቢሆን መኪናውን ወደ 350 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ድረስ ማስጎተት አያስፈልግም። ፖምፓው ይፈታ፣ በንጹህ ላስቲክ ይጠቅለል፣ ቀዳዳዎቹ ይደፈኑና መሞከሪያ ማሽን ወዳለው የኢንጀክሽን ወርክሾፕ በመኪና ይላክ። የሙከራውን ውጤት በወረቀት ይጠይቁ። ከሶማሌ ተራ የሚመጣው ያገለገለ ፖምፓ ከየትኛው መኪና እንደወጣ አይታወቅም፤ ምናልባትም እንደ እርስዎ መኪና ውሃ የጠጣ ይሆናል። ብናኝ ከተገኘ ደግሞ ፖምፓ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ቧንቧው፣ ሬይሉና ኢንጀክተሮቹ ሳይጸዱ አዲሱን ቢገጥሙ ያው ብናኝ ይጨርሰዋል።

ስለ መግፋት አጭር መልስ፦ አይግፉ። መግፋት የሚጠቅመው ሞተሪኖው ወይም ባትሪው ሲደክም ነው። የእርስዎ ሞተሪኖ ይዞራል፤ ግፊያው የሚጨምረው ነገር የለም። ይኼ ሞተር ደግሞ ቺንጊያ ነው ያለው። በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑ በድንገት ሲለቀቅ ያረጀ ቺንጊያ ጥርስ ይዘላል፣ ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ። ቺንጊያው በስንት ኪሎ ሜትር እንደተቀየረ የማያውቁ ከሆነ እሱን ራሱን የቻለ ሥራ አድርገው ይያዙት፤ ብዙ ጊዜ የሚባለው በየ150,000 ኪሎ ሜትሩ ነው።

ይኼን የሚያነቡ የአሮጌ ሃይሉክስ፣ የአባዱላና የድሮው ላንድክሩዘር ባለቤቶች ይኖራሉ። በ5ኤል እና በ1ኤችዜድ ሞተሮች ነገሩ ይለያል። እዚያ ካንዴላ እውነተኛ ተጠርጣሪ ነው፤ ናፍጣው የሚረጨው ትንሽ ቅድመ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ጠዋት ያለ ማሞቂያ ይቸገራሉ። ፖምፓቸው ላይ የናፍጣ መዝጊያ ሶሌኖይድ አለ። ቁልፍ ሲከፈት «ጠቅ» ማለት አለበት። ጠቅ ካላለ ወደ እሱ የሚሄደው ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ መኖሩን በቴስተር ይዩ። ስንቱ ፖምፓ በአንድ የተበጠሰ ሽቦ ምክንያት ያለ ጥፋቱ እንደተፈታ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ኮምፕሬሽን ሲለካ ደግሞ የከፍታውን ነገር አትርሱ። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የፋብሪካው መጽሐፍ 30 ባር ካለ፣ ጤነኛ ሞተር ጅማ ላይ ወደ 24 እና 25 ቢያሳይ አይደንግጣችሁ፣ ሞተር ይውረድም አትበሉ። ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከቱ። ከ5 ባር በላይ ከተራራቁ አንዱ ታሟል። ግቤ በረሃ ላይ እሽ ብሎ የሚነሳ ያረጀ ሞተር ጅማ ጠዋት ላይ የሚያስለፋውም በዚሁ ነው፤ እታች አየሩ ይወፍራል፣ ይሞቃልም።

እንግዲህ ለእርስዎ የምመክረው ይኼ ነው። ዛሬ ባትሪውን ቻርጅ ያድርጉ፣ ከፊልትሮው ሥር ናፍጣ አውጥተው ይዩ። ውሃም ይታይ አይታይ ያን የጄሪካን ናፍጣ ከሰልባትዮው ያራግፉት፤ እሱን ይዘው መቀጠል አያዋጣም። ትክክለኛ አዲስ ፊልትሮ ያስገቡ፤ አስመሳዩ ርካሽ ፊልትሮ ውሃ አይለይም፣ የጎማ ቀለበቱም አይገጥምም። ባለ 5 ሊትሩን ሙከራ ያድርጉ። እዚህ ድረስ ያለውን ሥራ አንድ ጠንቃቃ መካኒክ ግማሽ ቀን ውስጥ ይጨርሰዋል። ካልተነሳ የሬይሉን ግፊት በቁጥር የሚያሳይዎት ሰው ይፈልጉ። ቁጥሩን ሳያሳይ ፖምፓ የሚል ሰው ምንም ያህል ወዳጅዎ ቢሆን ብር አይስጡት። ከርቀት ሆኜ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ በእርግጠኝነት ልነግርዎ አልችልም። የጭሱን ቀለም፣ የፕላስቲኩን ናፍጣና የሬይሉን ቁጥር ከላኩልኝ ግን ብዙ መቀነስ ይቻላል።

ሲነሳ ወዲያው ቡና ጭነው አይውጡ። ለሩብ ሰዓት ቆሞ ይሥራ፤ በዚያ ሰዓት የፊልትሮውን አካባቢ በደረቅ ጨርቅ እያበሱ ይዩት። ከ300 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ የፊልትሮውን ሥር አንድ ጊዜ ደግመው ከፍተው ውሃ ይፈትሹ። ሰልባትዮ ቢታጠብም ጥግ ላይ የቀረ ጠብታ አይጠፋም፣ እሱም የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ላይ ነው።